ሁለት ጣት አፈር

የጌሪት ሆፍስትራን ሬሳ ያገኘችው ኢቬት ፓስኮ ነበረች፤ ፖሊሱ ቲም ኦርላንዶም ከዚያ በላይ ምርመራ የሚያስፈልግ አልመሰለውም።

«አለቃ፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አላት መርማሪዋን ብሮንዊን ኪዮን፣ ከመኪናዋ ገና አንድ እግሯን ስታወጣ። «ከሁለት ወር በፊት ሽማግሌው ከሊሊ አብቃዮች ማኅበር አስባርሯታል። ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ከግቢው እየሮጠች ስትወጣ ጎረቤት አይቷታል። በዚያ ላይ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ‹እኔ ነኝ የገደልኩት!›»

«በምን ገደልኩት አለችህ?»

«እሱን አልነገረችኝም። ማልቀስ ብቻ።»

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› የማይል አለ እንዴ?» አለችና ሁለተኛውን እግሯን አወጣች።

ብሮንዊን ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ዳሌዋን ስለሚያማት ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ደግሞ ብዙ ያያል። በዳንደኖንግ ኮረብታ ላይ ሃያ ዓመት ኖራ ግን አንዲት ሊሊ እንኳ አብባላት አታውቅም። በእኛ ሰፈር ይህ በሹክሹክታ የሚወራ ነውር ነው። እሷም አታስተባብልም።

ሟቹ በአትክልት ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ራሱ ከሲሚንቶው የውኃ ገንዳ ጠርዝ ሥር ነው። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የአበባ ሸክላዎች ተደርድረዋል፤ አዲስ አፈር ተሞልተው ውኃ ጠጥተዋል። አጠገባቸው «ማዶና» ተብሎ በሟቹ እጅ የተጻፈበት ባዶ የወረቀት ከረጢት አለ። ሌላው ሊሊ ሁሉ በክረምት ሲተከል ነጯ ማዶና ብቻ እንዲህ በመጋቢት መጀመሪያ፣ በጋው ሲያልቅ ትተከላለች።

ሐኪሙ ቀና አለ። «የሞተው ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ባለው ውስጥ ነው። ጭንቅላቱ ገንዳውን መትቷል። ይህን ግን እዪው» ብሎ የሟቹን እጅጌ ሰበሰበ። ክንዱ ላይ የአራት ጣት ምልክት ጠቁሮ ይታያል። «የያዘው ሰው ነበረ።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ሌላም ነገር ነገራት፤ ፊቷ ጠቆረ፣ ነገሩን ግን ለራሷ ያዘችው።

«ሰዓቱን እኔ ላጥብብልዎት» አለ ቲም ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ሦስት ሰዓት ላይ ለማኅበሩ ጸሐፊ ደውሎ ‹ሦስት ሸክላ መትከል ይቀረኛል፤ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ለማኅበሩ ምሳ እደርሳለሁ› ብሏል። ሸክላዎቹ ይኸው ተተክለዋል። ስለዚህ የሞተው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ደግሞ የማኅበሩ ሰው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ሲደረድር ነበር። የቀረችው የተባረረችው ብቻ ናት።»

«ጎበዝ» አለችና ጎንበስ ብላ የሟቹን እጅ አገላበጠች። አውራ ጣቱ አረንጓዴ የቅጠል ውኃ ነክቶታል። ከጥፍሮቹ ሥር ግን ቅንጣት አፈር የለም። «ጓንት ያደርግ ነበር?»

«ጌሪት? ጓንት ያደረገ ሰው ሲያይ ‹ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው?› እያለ ይስቅ ነበር። ታጥቦ ይሆናላ።»

«መኪናህን ስትጠግን ግራሶው ከጥፍርህ ሥር በስንት ቀን ይለቃል?»

ቲም ጥፍሮቹን አየና እጁን ኪሱ ከተተ።

ብሮንዊን ወደ ሸክላዎቹ ዞራ ሌባ ጣቷን ከመጀመሪያው አፈር ውስጥ አስገባች። ምንም የለም። መዳፏን ጨመረች። አፈሩ የእጅ አንጓዋ ላይ ሲደርስ ነው የሊሊውን ራስ የነካችው። ራስ የምንለው ያንን ሽንኩርት የመሰለውን፣ ቅርፊቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበውን ከአፈር በታች ያለውን ነገር ነው። በጎኑ ተጋድሟል፤ ከሥሩ አንድ እፍኝ አሸዋ ተነጥፎለታል። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ልክ እንደዚያው ነበሩ።

ስትወጣ ከኩሽናው መስኮት ሥር ቆመች። አምስት የሊሊ ግንዶች ከመሬት ተስተካክለው በመቀስ ተቆርጠዋል። ግንዶቹ በጥቁር ላስቲክ ታስረው ከቆሻሻ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፈታ ብታየው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ብርቱካናማ አበባ ነው፤ ነብር ሊሊ። ቁርጡ ገና እርጥብ ነው።

የሟቹ ልጅ ሩበን ሆፍስትራ በከተማ ቤት ይሸጣል። ጫማው ጭቃ እንዳይነካ በድንጋይ ድንጋዩ እየዘለለ ነው የመጣው። አንድ ጊዜ አባቱን ሊረዳ ሞክሮ ሃያ የሊሊ ራስ ዘቅዝቆ እንደተከለ የኮረብታው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ሁለት ሰዓት ላይ መጣሁ» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «‹አባዬ፣ ቤቱን እንሽጠውና የሚንከባከቡህ ቦታ ግባ› አልኩት። ‹አፈር ከገባሁ በኋላ ሽጠው› አለኝ። ተናደድኩ። ‹እንደ ፈቀድክ ሁን!› ብዬ በሩን ወርውሬው ወጣሁ። ከዚያ አራት ሰዓት እስኪሆን መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ማንም አላየኝም። እሰሩኝ ከፈለጋችሁ፤ ይገባኛል።»

«ይገባሃል፤ ግን በሩን በመወርወርህ ብቻ ነው። ስትወጣ መስኮቱ ሥር ያለው አበባ ቆሞ ነበር?»

«የእናቴ ነብር ሊሊ? አዎ፣ ቆሞ ነበር። ምነው?»

«ማን ነው የተከለው?»

«ከሦስት ዓመት በፊት፣ ካንሰሩ ሲጠናባት ‹የልጅነት ቤቴ ደጃፍ ላይ የነበረውን አበባ አሳዩኝ› አለች። አባቴ ነብር ሊሊ ግቢው አያስደርስም ነበር፤ በሽታ ይዞ ይመጣል ብሎ። አጎቴ ኮር ግን ‹ይሄ ከዘር ያበቀልኩት ነው፤ በሽታው በዘር አይተላለፍም፤ ንጹሕ ነው› ብሎ አመጣላት። የሥጋ አጎቴ አይደለም፤ የአባቴ የሃምሳ ዓመት ጓደኛ ስለሆነ ነው አጎቴ የምለው። እሷ ከሞተች በኋላ አባቴ ያንን አበባ በየጠዋቱ ‹እንዴት አደርሽ› ይለው ነበር። ማን ቆረጠው?»

«አባትህ ይመስለኛል» አለች ብሮንዊን።

ኢቬት ፓስኮ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ብሮንዊን ያገኘቻት ባዶው አውቶቡስ ውስጥ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ስምንት ዓመት ሊሊ አስተማረኝ። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት የለፋበትን አጠፋሁበት። ባለፈው በጋ ቅጠሎቹ መዥጎርጎር ጀመሩ፤ ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። አራት መቶ ሥር ነቅሎ አቃጠለ። ለማኅበሩ የአበባ ትርዒት ስቆርጥ ቢላዬን አልኮል ውስጥ ሳልነክር ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሄጄ ይሆናል። አላስታውስም። አላስታውስም ማለት ደግሞ አላደረግሁም ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ልቡ ተሰበረ። ሰው በሐዘን አይሞትም እንዴ?»

«ክንዱ ላይ የጣት ምልክት የሚያወጣ ሐዘን አላውቅም። ዛሬ ለምን ሄድሽ?»

ኢቬት አፈረች። «በየቅዳሜው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ አጥር በሩ ላይ አንጠለጥልለታለሁ። ማን እንዳመጣው እንዳያውቅ።»

«አያውቅም ነበር?»

«እንዴት አያውቅም! አራት ሰዓት ሳይሞላ ያስገባዋል። ዛሬ ጉብኝት የወሰድኳቸውን ሰዎች አድርሼ ሰባት ሰዓት ላይ ስመለስ ዳቦው እዚያው ተንጠልጥሏል። ደነገጥኩ፤ ገባሁ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ተማሪዎቹን እንዳልነዳ ቁልፉን ነገ መልሺ ብለውኛል። አልከፋኝም። የሚከፋኝ ሳይናገረኝ መሞቱ ነው።»

«አንድ ነገር ንገሪኝ። ሊሊ ሸክላ ውስጥ ሲተከል ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«የትኛው ሊሊ?» አለች ኢቬት ወዲያው።

ብሮንዊን ቀና ብላ አየቻት።

«ይለያያላ! አብዛኞቹ ከራሱ በላይ ባለው ግንድ ላይም ሥር ያወጣሉ፤ ስለዚህ የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ቅበሪው ይባላል። ማዶና ግን ከታች ብቻ ነው ሥር የምታወጣው። ትከሻዋን ፀሐይ እንዲሞቃት ትፈልጋለች፤ ሁለት ጣት አፈር ብቻ ነው የምትለብሰው። በጥልቅ ከተቀበረች ቅጠል እንጂ አበባ አትሰጥም። ጌሪት የመጀመሪያው ቀን ያስተማረኝ ይህንን ነው።»

ብሮንዊን ግንባሯን ያዘች። ከሦስት ዓመት በፊት ከዚያው ከጌሪት አንዲት ማዶና ገዝታ ነበር። ሰውየው ከሩቅ ሆኖ ሁለት ጣቱን ሲያሳያት የሰላም ምልክት መስሏት እሷም ሁለት ጣቷን አሳይታው ሄደች፤ ከዚያም ራሱን እስከ ሸክላው ወለል ድረስ ቀበረችው። እስከ ዛሬ አላበበም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ኮር ዳልማን ቤት ሄደች። ኮር የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ከጌሪት ቤት ጀርባ፣ አንድ አጥር ተሻግሮ ይኖራል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሰፊ ማሳ ላይ ለአበባ ነጋዴዎች ሊሊ ያበቅል ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፤ ያስቀመጠው ሻይ ቀዝቅዟል።

«ከቤቴ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ነው የሄድኩት፤ አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ» አለ። «ስድስት ሰዓት አልፎ ጌሪት ሲቀር ‹አርጅቷል፣ ይዘገያል፤ ምሳውን እንጀምር› አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው!» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢቬት ላይ አትጨክኑባት። እንድትባረር መጀመሪያ እጁን ያወጣው እኔ ነኝ። እሱም ይቆጨኛል።»

«ደግ ልብ አለዎት» አለች ብሮንዊን፤ ከቦርሳዋም አንድ የሊሊ ራስ አወጣች። «ይቅርታ፣ በሐዘንዎ ላይ ማስቸገሬ ነው። እስቲ እንዴት እንደሚተከል ያሳዩኝ። የእኔ እጅ እርጉም ነው።»

ኮር ሥራ በማግኘቱ ደስ ያለው መሰለ። ሸክላ ሳበ፣ አፈር ጨመረ፣ አንድ እፍኝ አሸዋ በተነ፣ ራሱን በጎኑ አጋደመው፣ ከዚያም አፈሩን በእጅ አንጓው እየለካ ሞላው። «አያቴ ከደች አገር ይዞት የመጣው ልማድ ነው። በጎኑ ሲተኛ ውኃ ቅርፊቱ ውስጥ አይቋጠርም። ጌሪት ‹ቀዳዳ ላለው ሸክላ ምን አሸዋ ያስፈልገዋል› እያለ ያሾፍብኝ ነበር። በዓመት ሃምሳ ሺህ ራስ ነበር የምንተክለው፤ እጄ ተኝቶም ይተክላል።»

«አምናለሁ» አለች፤ ሸክላውንም አቅፋ ወጣች።

እሑድ ከቀትር በኋላ የማኅበሩ ሰዎች በአዳራሹ ተሰበሰቡ። ኢቬት በሩ አጠገብ ቆመች፤ ማንም ወንበር አላቀረበላትም። ሩበን ተነሥቶ የራሱን ሰጣት። ኮር ከፊት ባለው የሊቀ መንበር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ብሮንዊን ሦስቱን ሸክላዎች ጠረጴዛው ላይ አስደረደረች።

«እነዚህ ሸክላዎች ይዋሻሉ» ብላ ጀመረች። «‹ጌሪት እኛን ተክሎ ነው የሞተው፣ ስለዚህ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው› ይሉናል። ጌሪት ግን በባዶ እጁ ነበር የሚተክለው፤ ከጥፍሩ ሥር አፈር የለም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ዳቦም አላስገባም። ሸክላዎቹን የተከለው ሌላ ሰው ነው፤ ጌሪት ከወደቀ በኋላ።»

አዳራሹ አጉረመረመ።

«ለምን ይተክላል? የሞቱን ሰዓት ለመግፋት። ይህ የሚጠቅመው ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ለነበረ ሰው ነው። ኢቬትን ይጎዳታል እንጂ አይጠቅማትም። ቲም፣ ልብ አድርግ።»

ቲም ልብ አደረገ።

«አሁን አንዱን እንቆፍር።» እጇን አስገባችና ራሱን አወጣች። «ማዶና ናት፤ እስከ እጅ አንጓ ድረስ ተቀብራለች። ጌሪት እንዲህ አይተክልም። ኢቬትም አትተክልም፤ ስጠይቃት መልሳ የጠየቀችኝ ‹የትኛው ሊሊ?› ብላ ነው። ታዲያ ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው እንበል? ሩበን ይሁን? ሩበን የሊሊን ላይና ታች አይለይም፤ አይቀየመኝ።»

«እውነት ነው» አለ ሩበን።

«እዚህ ግን ሦስቱም በአሸዋ ላይ፣ በአንድ ልክ፣ በጎናቸው ተጋድመዋል። የተከላቸው ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ የለመደው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ራስ አቀረብኩ። የትኛው ሊሊ እንደሆነ ሳይጠይቀኝ አሸዋ በትኖ፣ በጎኑ አጋድሞ፣ እስከ እጅ አንጓው ቀበረልኝ።»

ሁሉም ወደ ሊቀ መንበሩ ወንበር ዞረ።

«እኔ!» አለ ኮር፤ ሊስቅ ሞከረ። «ማዶና ሁለት ጣት እንደምትለብስ እኔ ኮር ዳልማን ሳላውቅ ቀርቼ ነው?»

«ጭንቅላትዎ ያውቃል። እጅዎ ግን በድንጋጤ ጊዜ የሚያውቀው ሃምሳ ዓመት የሠራውን ብቻ ነው።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«አሁን ምክንያቱን ልንገራችሁ» አለች ብሮንዊን። «ቅዳሜ ጠዋት ጌሪት በየቀኑ ሰላም የሚለውን የሚስቱን አበባ ቆርጦ በላስቲክ አሰረው። የሊሊ ሰው በላስቲክ የሚያስረው የታመመ ተክል ብቻ ነው። ሩበን ሲወጣ ቆሞ የነበረው አበባ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዴት በሽተኛ ሆነ? አንድ ሰው መጥቶ ስለነገረው ነው። ይህን ሊነግረው የሚችለው ደግሞ አበባውን ያመጣው ሰው ብቻ ነው። ከዘር አላበቀሉትም፣ አይደል ኮር?»

ሽማግሌው የተናገረው ለእሷ ሳይሆን ለመሬቱ ነው።

«ከዘር ቢሆን ሦስት ዓመት ይፈጃል። የጌሪት ሚስት ሄንድሪካ ግን ሦስት ወር አልነበራትም። ከአንድ የፈረሰ ቤት ደጃፍ ቆፍሬ አመጣሁላት። ነብር ሊሊ ቫይረሱን ይሸከማል እንጂ ራሱ አይታመምም፤ አውቅ ነበር። ከሞተች በኋላ እነቅለዋለሁ አልኩ። እሱ ግን አበባውን ማናገር ጀመረ። ከዚያ የእሱ ሊሊዎች ታመሙ። ጥፋቱን ኢቬት ላይ ሲጥል ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ ቢሆን! እጄን አወጣሁ።»

«ቅዳሜ ነገርከው?» አለ ሩበን፤ አጎቴ ማለቱ ቀርቷል።

«ሁለት ወር እንቅልፍ አልወሰደኝም። በጓሮ በኩል ሄጄ ነገርኩት። ለብቻችን እንዲሆን ነበር የፈለግሁት። እሱ ወጥቶ አበባውን ቆረጠ፣ እያለቀሰ አሰረው። ከዚያ ወደ አትክልት ቤቱ ገብቶ ሽርጡን አንሥቶ መልሶ ጣለው። ‹ሸክላዎቹ ይቆዩ፤ መጀመሪያ ልጅቷን አስጠርቼ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ› አለ። በሁሉም ፊት! ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ። ‹ጌሪት፣ ተው› ብዬ ክንዱን ያዝኩት። ነጠቀኝ። ወለሉ እርጥብ ነበር።»

ብሮንዊን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሦስት ሸክላ ለመትከል ስንት ደቂቃ ፈጀብዎት?»

«ሃያ አምስት ይሆናል።»

«ጌሪት ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበር ይላል ሐኪሙ።»

ኮር ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው።

«አውቃለሁ» አለ። «ይተነፍስ ነበር። እየተከልኩ እሰማው ነበር።»

«ስልኩ ግድግዳው ላይ ነበር!» ብሎ ጮኸ ሩበን። «ለምን አልደወልክም?»

«ከዳነ ይናገራል ብዬ።»

ሩበን ፊቱን ሸፈነ። ከማኅበሩ ሰዎች ያን ቀን እጃቸውን ያወጡት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጸሐፊዋ ወደ ኢቬት መጥታ «የኔ እመቤት፣ ምን አፍ አለን…» ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። ቲም እጀ ሙቅ ለማውጣት ቀበቶውን ሲዳብስ ብሮንዊን በዓይኗ አስቆመችው፤ ኢቬት እየተነሣች ነበር።

ከኮር ፊት ደርሳ ቆመች። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«በሽታውን ያመጣው ቢላዬ እንዳልነበረ አውቆ ነው የሞተው?» አለችው።

«አውቆ ነው።»

ኢቬት ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ወር ሙሉ የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር፤ አሁን ሲመጣ ግን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣችለት።

«ለምን ወደ እኔ አልመጡም?» አለች። «ጥፋቱን እኮ ተቀብዬው ነበር፤ ለምጄውም ነበር። ‹ኢቬት፣ ያዢልኝ› ቢሉኝ እስክሞት እይዝልዎት ነበር። እሱ ብቻ ይኑርልኝ እንጂ!»